ንጉሥ አይከሰስም፤ ማዘጋጃ ቤት ግን ይከሰሳል

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይሉ ነበር አባቶቻችን። ሰማዩ ዛሬም አልታረሰም። ንጉሡ ግን ከዙፋናቸው ከወረዱ ከግማሽ ምእተ ዓመት በላይ ሆነ። የሚያሳዝነው ተረቱ አብሯቸው አለመውረዱ ነው። ዙፋኑ ሲፈርስ ተረቱ ከፍርስራሹ ሥር አፈትልኮ ወጣና ሄዶ ሄዶ ማዘጋጃ ቤት ደጃፍ ላይ ተቀመጠ። ስሙ ዛሬ «ከተማ አስተዳደር» ነው፤ ሕዝቡ ግን በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ አሁንም «ማዘጋጃ» ይለዋል። እናም «ማዘጋጃ አይከሰስም» ተብሎ ታምኖ ይኖራል። ማን እንዳሳመነን እንጃ!

ይህ ጽሑፍ የሚለው ነገር አንድ ነው። ክዳን በሌለው ቱቦ ውስጥ ወድቆ እግሩን የሰበረ፣ የሕዝብ ገበያ ሼድ የተደረመሰበት፣ ተቆፍሮ በተተወ ጉድጓድ ልጁ የተጎዳበት ሰው ከተማውን መክሰስ ይችላል። ይህ ጸረ ልማትነት አይደለም። ነገር ፈላጊነትም አይደለም። ሕጉ የሰጠው መብት ነው። እንዲያውም ከስብሰባና ከግምገማ ሁሉ ይልቅ ሹማምንትን የሚያነቃ መድኃኒት ቢኖር ይኸው ይመስለኛል።

የጉድጓዱ ባለቤት ማነው?

አንባቢ ሆይ፣ ደሴን የረገጠ ሁሉ አቀማመጧን ያውቃል። ከወዲህ ጦሳ፣ ከወዲያ አዘዋ ገደል ይዘዋት በመሐል የተዘረጋች ከተማ ናት። ክረምት ሲገባ ከጦሳ የሚወርደው ጎርፍ ሹም አይል ድሃ አይል፣ ያገኘውን ይዞ ይሄዳል። መሬቷም ራሱ በመንሸራተትና በናዳ የታወቀ ነው። ሰው በሐረጎ ጠመዝማዛ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ ውሃው ደግሞ በቦርከና ይወርዳል። እንግዲህ በእነዚህ ሁለት ከተሞች ቦይና ቱቦ ጌጥ ሳይሆን የነፍስ ጉዳይ ነው ማለት ነው። ክዳኑ ደግሞ የቱቦው ግማሽ አካል ነው። ክዳን የሌለው ቱቦ ወጥመድ ይባላል እንጂ ልማት አይባልም።

እስቲ እንበልና አንዲት እናት ከሰኞ ገበያ ሲመለሱ ይመሻል። የመንገድ መብራት የለም። የቱቦውን ክዳን ወይ ሌባ ነቅሎ ለቆራሌው ሸጦታል፣ ወይ ከባድ መኪና ሰባብሮታል፣ ወይ ከመጀመሪያውም አልተከደነም። እናት ይወድቃሉ። ጎረቤት ተሯሩጦ ያወጣቸዋል። ገንዘብ ካላቸው ሆስፒታል ሄደው በጀሶ ይታሰራሉ፤ ከሌላቸው ወጌሻ ይታሻሉ። ሰፈርተኛው ቡናውን አፍልቶ፣ ዱኣውን አድርጎ «አብሽሩ፣ አላህ ያመጣውን እሱ ይመልሰዋል» ይላቸዋል። ክርስቲያኑ ጎረቤት ደግሞ «እግዜር ይማርዎት፣ የባሰ አታምጣ ይበሉ» ይላል። መልካም! መጽናናትና ማጽናናት ለወሎ ሰው የተሰጠ ጸጋ ነው። ነገር ግን ክዳኑን ያነሳው አላህ አይደለም። ቦዩን ክፍት የተወው እግዚአብሔር አይደለም። የሰው እጅ ያጎደለውን በፈጣሪ ማሳበብ ለፈጣሪም ቢሆን ድፍረት ነው።

እሺ፣ እኒህ እናት ቆርጠው ተነሱ እንበል። በምርኩዝ ማዘጋጃ ቤት ይሄዳሉ። «እማማ፣ ይሄ መንገድ እኮ የፌዴራል ነው» ይባላሉ። ደሴንና ኮምቦልቻን ሰንጥቆ ወደ ሰሜን የሚሄደው ዋናው አውራ ጎዳና የፌዴራል መሆኑ እርግጥ ነውና ሰበቡ ከመሬት የተነሳ አይደለም። ወደ መንገድ መሥሪያ ቤት ቢሄዱ «ቱቦው የከተማው ነው» ይባላሉ። ሲመለሱ «የቆፈረው የውሃ መሥመር ዘርጊው ነው»፤ እዚያ ሲደርሱ «ሥራውን ለኮንትራክተር ሰጥተናል»፤ ኮንትራክተሩ ዘንድ ሲደርሱ «ጨርሼ አስረክቤያለሁ»። ጉድጓዱ በጀት ሲመደብለት ባለቤቱ ብዙ ነው። ሪባን ሲቆረጥለትም ባለቤቱ ብዙ ነው። ሰው ሲወድቅበት ግን ወላጅ አልባ ይሆናል!

በወሎ ሁለት ሰዎች ቢጋጩ፣ ደም እንኳ ቢፈስ፣ አበጋሮች ተሰይመው በዳይና ተበዳይን ለይተው ካሳ አስክሰው ያስታርቃሉ። በዳዩ ማዘጋጃ ቤት ሲሆንስ? ማዘጋጃ ቤትን አበጋር ፊት ማን ያስቀምጠዋል? መኪና ወይም ባጃጅ የገጨው ሰው እንኳ የተሻለ ዕድል አለው። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799 ባለመኪናን ሁሉ መድን እንዲገባ ያስገድዳልና ተጎጂው ቢያንስ የሚያንኳኳው በር ያገኛል። ቱቦ ውስጥ የወደቀ ሰው ግን የሚያንኳኳው በር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የፍርድ ቤት በር ነው።

ሕጉስ ምን ይላል?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ንጉሡን አልፎ፣ ደርግን ኖሮ፣ ኢሕአዴግን ተሻግሮ ዛሬም በሥራ ላይ ነው። ከውል ውጭ ስለሚደርስ ኃላፊነት በሚናገረው ክፍል ቁጥር 2126 ላይ የመንግሥት ሠራተኛ በጥፋቱ በሌላው ላይ ጉዳት ካደረሰ መካስ እንዳለበት ይደነግጋል። ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ከሆነ ደግሞ ተጎጂው ካሳውን ከመንግሥት መጠየቅ ይችላል፤ መንግሥት ከከፈለ በኋላ ፊቱን ወደ ሠራተኛው መልሶ መጠየቅ የራሱ ጉዳይ ነው። ጥፋቱ የግል ጥፋት ከሆነ ግን መንግሥት አይጠየቅበትም። ሠራተኛው ሥልጣኑን የተከተለና ለመንግሥት ጥቅም የሠራ መስሎት በቅን ልቦና ያጠፋው የሥራ ጥፋት ነው ይላል ቁጥር 2127። ቁጥር 2128 ደግሞ ይህ ደንብ ለመንግሥት የአስተዳደር ክፍሎችና ሕጋዊ ሰውነት ላላቸው መሥሪያ ቤቶች ጭምር እንደሚሠራ ያዛል። ስለዚህ ከተማም ከዚህ አያመልጥም ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይበልልኝ። ያው ሕግ ጥቂት ቁጥሮች ወረድ ብሎ የማይከሰሱትን ይዘረዝራል። በቁጥር 2137 ንጉሠ ነገሥቱ በኃላፊነት አይከሰሱም። በቁጥር 2138 ሚኒስትሮች፣ የፓርላማ አባሎችና ዳኞች ከሥራቸው ጋር በተያያዘ በዚህ ዓይነት ክስ አይጠየቁም። «ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ተረት በቁጥር ተጽፎ ተቀምጧል ማለት ነው። ታዲያ በዚያ ዝርዝር ውስጥ ማዘጋጃ ቤት አለ? የለም! ዘውድ ያልደፋውን ዘውድ የደፋንለት እኛው ነን።

ሌሎችም በሮች አሉ። በቁጥር 2077 የሕንጻ ባለቤት ሕንጻው ላደረሰው ጉዳት፣ አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል ጉዳት ቢሆን እንኳ፣ ኃላፊ ነው። የገበያ ሼድ፣ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት፣ የቀበሌ አዳራሽ ግንብ ሰው ላይ ሲወድቅ «ንፋስ ነው የጣለው» ብሎ መገላገል አይቻልም። በቁጥር 2069 ደግሞ የመሬቱን ተፈጥሯዊ አቀማመጥ በመለወጥ፣ ወይም ከፍተኛ ኃይል የሚያስተላልፍ የኤሌክትሪክ መሥመር በመዘርጋት፣ ወይም በመሳሰለው ሥራ ሌላውን ላልተለመደ አደጋ ያጋለጠ ሁሉ፣ መንግሥትም ቢሆን፣ አደጋው ሲደርስ ይጠየቃል፤ ጥፋት መሥራቱን ማስረዳት አያስፈልግም። በኤሌክትሪክ መሥመር የተጎዱ ሰዎች በዚህ ቁጥር እየተከራከሩ እስከ ሰበር ችሎት ደርሰዋል። አውራ ጎዳና ዳር በጥልቀት ተቆፍሮ ሳይከለል የተተወ ጉድጓድስ የመሬትን አቀማመጥ መለወጥ አይባልም ወይ? ጠበቆቻችን ሊከራከሩበት የሚገባ ጥያቄ ነው።

«ማንን ልክሰስ?» ለሚለውም መልስ አለ። ለአንድ ጉዳት ኃላፊ የሆኑት ብዙ ቢሆኑ ቁጥር 2155 በአንድነት ተጠያቂ ያደርጋቸዋል። ስለዚህ ተበዳይ ከቢሮ ቢሮ እየተንከራተተ የጉድጓዱን አባት የሚፈልግበት ምክንያት የለም። ከተማውንም፣ የመንገዱን መሥሪያ ቤትም፣ ቆፋሪውንም አንድ ላይ ይክሰስና እነሱ ፍርድ ቤት ፊት ይካካዱ። የተለመደው ዘዴ «ሥራውን ለኮንትራክተር ሰጥቻለሁ» ማለት ነው፤ ቁጥር 2134 ራሱን ችሎ ለሚሠራ ሰው ጥፋት አሠሪው እንደማይጠየቅ ይናገራልና። ነገር ግን የከተማው ጥፋት የሌላ ሰው ጥፋት ብቻ አይደለም። ሳይቆጣጠር መረከቡ፣ ክፍት መሆኑን እያየ ማለፉ፣ አንዲት ቀይ ጨርቅ እንኳ አለማሰሩ የራሱ ጥፋት ነው።

የአንዲት ሕፃን እግር

ይህ ሕግ ከየት መጣ? አርቃቂው ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ነበሩ። በሥራ ጥፋትና በግል ጥፋት መካከል ያለው ልዩነት የፈረንሳይ ዕውቀት ነው፤ የጀመረውም ከአንዲት ሕፃን እግር ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 3 ቀን 1871 በቦርዶ ከተማ የመንግሥት የትምባሆ ፋብሪካ ሠራተኞች የሚገፉት ፉርጎ አኜስ ብላንኮ የምትባል የአምስት ዓመት ልጅ ላይ ወጣና እግሯ ተቆረጠ። አባቷ «መንግሥት ነው፣ ምን ይደረጋል!» ብሎ አልተቀመጠም፤ ከሰሰ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1873 የተሰጠው ፍርድ መንግሥትም ሠራተኞቹ በሥራ ላይ ላደረሱት ጉዳት በራሱ ደንብ እንደሚጠየቅ ወሰነ። በዚያው ዓመት በሌላ ጉዳይ የሥራ ጥፋትና የግል ጥፋት ተለዩ። አንድ ፋብሪካ በር ላይ የተጀመረ የአባት ሙግት ባሕር ተሻግሮ የኛ ሕግ ውስጥ ገባ።

የፈረንሳይ ተማሪዎች የዚያችን ልጅ ስም እስከ ዛሬ ይማሩታል። እኛ ዘንድ ግን ጉዳቱ ወዲያውኑ ወደ ሐዘንና ወደ መዋጮ ይዞራል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ «ቆሼ» በተባለው የቆሻሻ መጣያ ተራራው ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። መጣያው የከተማ መጣያ ነበር። ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ፣ እርዳታ ተሰበሰበ። ለወገን ማዘንና መለገስ የተቀደሰ ነው፤ ማንም አይቃወመውም። ነገር ግን ልገሳ ሌላ፣ ካሳ ሌላ። ልገሳ ሰጪው ሲወድ የሚሰጠው ነው፤ ተቀባዩ አንገቱን ደፍቶ «እግዜር ይስጥልኝ» ይላል። ካሳ ግን ዕዳ ነው፤ ጠያቂው ቀና ብሎ ይጠይቃል፣ ከፋዩም ለምን እንደከፈለ ይመዘገብበታል። ያ ምዝገባ ነው የሚቀጥለውን ጉድጓድ የሚያስከድነው!

የአንድ ሺህ ብር ሕሊና

ሕጉን ብቻ እያመሰገንኩ ብሄድ አንባቢን ማታለል ይሆናል። ቁጥር 2116 ለሕሊና ጉዳት የሚሰጠው ካሳ በምንም ምክንያት ከ1000 ብር እንዳይበልጥ ይከለክላል። በ1952 ዓ.ም. አንድ የአሜሪካ ዶላር በሁለት ብር ተኩል ገደማ ይመነዘር ነበርና ያ ገንዘብ ወደ 400 ዶላር ይጠጋል፤ ደህና ገንዘብ ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ግን ዶላር ከ100 ብር በላይ ሆኗል። 1000 ብር ዛሬ አሥር ዶላር አትሞላም! ልጁን ጉድጓድ የበላበት አባት ሕሊናው ሲመዘን ዋጋው ይኸው ነው። ስንት አዋጅ ሲሻሻል፣ ስንት ታሪፍ ሲጨምር፣ ስንት ቅጣት በእጥፍ ሲያድግ የሐዘናችን ዋጋ ግን ከንጉሡ ዘመን አልተነቃነቀም። የሕግ አውጪዎቻችን ሕሊናም በዚሁ ሒሳብ የሚመዘን ከሆነ እንጃ።

ሆኖም ይህ ጣሪያ የሚመለከተው የሕሊናን ጉዳት ብቻ ነው። ለሕክምና የወጣው፣ ሥራ በመፍታት የቀረው፣ ወደፊት የሚቀረው ገቢ በቁጥር 2091 መሠረት በጉዳቱ ልክ ይካሳል። ኮምቦልቻ ውስጥ በፋብሪካ ፈረቃ የሚሠራ ወጣት እጁን ቢያጣ ኪሳራው 1000 ብር አይደለም፤ የዕድሜ ልክ ደመወዝ ነው። ስለዚህ «ፍርድ ቤት ሄጄ ምን ላገኝ?» ብሎ መቅረት አይገባም።

«ከተማው ድሃ ነው» ለሚሉን

አንዳንዶች «ከተማው ድሃ ነው፤ ለወደቀ ሁሉ ካሳ ቢከፍል በምን መንገድ ይሠራል?» ይላሉ። በተለይ ደሴና ኮምቦልቻ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ የደረሰባቸውን ያየ ሰው ይህን ቢል አይፈረድበትም። ሆስፒታሉ ተዘርፎ፣ ፋብሪካው ተራቁቶ ነበርና። ነገር ግን ጥያቄውን ገልብጠን እንየው። ከተማው ድሃ ነው ከተባለ ሽቅብ ገበያ፣ ቁልቁል ቀን ሥራ የምትለው ሴት ሀብታም ናት ወይ? የተሰበረው እግር ወጪ አለው፤ ወጪውን አንድ ሰው መክፈሉ አይቀርም። ዛሬ የሚከፍለው ከሁሉም ድሃ የሆነው ነው። ደግሞስ አንድ የሲሚንቶ ክዳን ከአንድ ሰው እግር ይበልጣል እንዴ?

ከዚህም በላይ በ2017 ዓ.ም. የንብረት ታክስ አዋጅ ጸድቋል። ከተሞች ከቤትና ከቦታ ዋጋ ላይ ግብር እንዲሰበስቡ ተፈቅዶላቸዋል። ኮሪደር ልማት የተባለው ሥራም ከአዲስ አበባ አልፎ ደሴና ኮምቦልቻ ገብቷል፤ ቁፋሮውም አብሮት ገብቷል። ለመንገዱ ግብር ስጡ የሚለን ከተማ በመንገዱ ለሚደርሰው ጉዳት መልስ ስጥ ስንለው ሊያኮርፍ አይችልም። በአንድ እጅ ደረሰኝ፣ በሌላው እጅ «አያገባኝም» አብረው አይሄዱም!

የሌላውንም አገር እንይ። ጃፓን በጦርነት ወድማ ገና ሳታገግም፣ እ.ኤ.አ. በ1947 ባወጣችው ሕግ በመንገድ፣ በወንዝና በሌሎች የሕዝብ ሥራዎች ጉድለት ለሚደርስ ጉዳት መንግሥትና ማዘጋጃ ቤት እንዲክሱ ደነገገች። ድህነትን ምክንያት አላደረገችም። በኒውዮርክ ደግሞ የክሱ ብዛት ያስመረረው ከተማ እ.ኤ.አ. በ1979 «ስለ ጉድጓዱ አስቀድሞ በጽሑፍ ካልተነገረኝ አልጠየቅም» የሚል ሕግ አስወጣ። ጠበቆቹ ምን አደረጉ? እ.ኤ.አ. በ1982 ድርጅት አቋቁመው ሰዎች እየላኩ የእግረኛ መንገዱን ስንጥቅና ጉድጓድ ሁሉ በካርታ አስነስተው ለከተማው በጽሑፍ አስረከቡት። «አላወቅሁም» የሚባለው ቀዳዳ ተደፈነ። እኔን የሚገርመኝ የጠበቆቹ ብልጠት አይደለም፤ ከተማ የሚፈራው ወረቀት መሆኑ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ከኒውዮርክ የምንቀዳው ይህንኑ ነው። ሰፈርህ ውስጥ ክፍት ቱቦ ካለ ሰው እስኪወድቅበት አትጠብቅ። ዕድሩ፣ የመስጊዱ ወይም የሰበካው ጉባኤ፣ የባጃጅ ማኅበሩ አንድ ገጽ ደብዳቤ ይጻፍ። ቦታው የት እንደሆነ፣ ከመቼ ጀምሮ ክፍት እንደሆነ ይግለጽ። መዝገብ ቤት ገቢ ተደርጎ ቅጂው ላይ ቀንና ማኅተም ይደረግበት። ያቺ ማኅተም ያረፈባት ቅጂ ነገ ፍርድ ቤት ፊት ከአሥር ምስክር ትበልጣለች። ነገረ ፈጁ «አስተዳደሩ አያውቅም ነበር» ሲል ትወጣለታለች።

ጉዳቱ ከደረሰ ደግሞ ቦታው ሳይደፈን በስልክም ቢሆን ፎቶግራፍ ይነሳ። ከወደቁ በማግሥቱ ሲከድኑት የሚታዩ አሉና! ያዩ ሰዎች ስም ይያዝ። ለፖሊስ ይመዝገብ። ወጌሻ ቢኬድም የሆስፒታል ካርድና ማስረጃ አይቅር፤ የወጌሻ እጅ ቢያድንም ለዳኛ አይጽፍምና። የመድኃኒትና የመኪና ደረሰኝ ይቀመጥ። የዳኝነት መክፈል የማይችል ሰው በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በደሃ ደንብ እንዲከስ ይፈቅድለታል።

ከሁሉ በላይ ግን ቀኑ ይቆጠር! በቁጥር 2143 መሠረት ክሱ መቅረብ ያለበት ጉዳቱ በደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። «ኮሚቴ ይቋቋማል»፣ «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው»፣ «ከበጀት መዝጊያ በኋላ ተመለሱ» የሚሉት ቃላት እንዲያው የሰነፍ ቃላት እንዳይመስሏችሁ። ሁለት ዓመት የሚበሉ ቃላት ናቸው። ሁለት ዓመት ከአንድ ቀን ሲሆን ያው ሲያባብል የነበረው መሥሪያ ቤት «ክሱ በይርጋ ይታገዳል» ብሎ ይከራከራል።

«እግርህን አይተህ አትሄድም ነበር?» የሚል ክርክርም ይመጣል። ቁጥር 2098 ተጎጂው ለጉዳቱ በጥፋቱ የረዳ እንደሆነ ካሳው እንዲቀነስ ይፈቅዳል። ይሁን። በጨለማ መሄድ ግን ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ ከተማን አጨልሞ ጉድጓድን ክፍት መተው ነው።

የቀረው ለባለሙያዎቹና ለሹማምንቱ ነው። በደሴና በኮምቦልቻ ያላችሁ ጠበቆች፣ አንድ የድሃ መዝገብ በነጻ ያዙ፤ አንድ ጥሩ ፍርድ መቶ ቱቦ ያስከድናል። የሁለቱ ከተሞች ምክር ቤት አባላት፣ በየዓመቱ በጀት ስታጸድቁ «ለካሳ» የምትል አንዲት መሥመር ጨምሩ፤ መሥመሯ ከበዛባችሁ ክዳን ግዙ። የሕዝብ እንደራሴዎች ደግሞ ያቺን የ1000 ብር ጣሪያ አንሷት።

ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ያሠሩት አዳራሽ «አይጠየፍ» ይባላል፤ ድሃውን ሳይጠየፍ አስገብቶ ያበላ ነበርና። ዛሬ ግብር አብሉን የሚል የለም። የምንጠይቀው የምንረግጠው መሬት እንዳይበላን ብቻ ነው። ይህን የነፈገ አስተዳደር ደግሞ ዘውድ የለውምና መጥሪያ ሊደርሰው ይገባል።

ልብ ያለው ልብ ይበል! ቸር ይግጠመን።